በግድብ ውሃ ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚነሳ ጀማሪ

ግድብ ሐይቅ አይደለም። ሐይቅ ዳርቻውን ከዓመት ዓመት ብዙም ሳያንቀሳቅስ ይቆያል፤ የግድብ ውሃ ግን ክረምት ሲገባ ሜዳውን እየዋጠ ይሰፋል፣ በጋው ሲገፋ ደግሞ ተርባይን ለማዞርና መስኖ ለማጠጣት እየተለቀቀ፣ በፀሐይም እየተነነ ወደ ኋላ ይሸሻል። በመስከረም ጀልባ የታሰረበት ቦታ በግንቦት የከብት መሰማሪያ ሆኖ ይገኛል። ዓሣውም ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ስለዚህ በግድብ ላይ የሚያጠምድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ውሃው እየሞላ ወይም እየጎደለ መሆኑን ነው፤ የመንጠቆውም፣ የማባበያውም፣ የጀልባውም ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የትኛው ውሃ?

በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ግድቦች ሁሉ ለማጥመድ የሚሆኑ አይደሉም። በአምቦ መንገድ የሚገኘው ገፈርሳ፣ በምሥራቅ በኩል ያሉት ለገዳዲና ድሬ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ናቸውና ጀልባ ይዞ የሚገባባቸው ቦታዎች ተደርገው ሊታሰቡ አይገባም። ለአቃቂ ቅርብ የሆነው አባ ሳሙኤል ደግሞ የከተማዋን ፍሳሽ የሚሸከመው የአቃቂ ወንዝ የሚገባበት ነው፤ የውሃውን ጠባይ ለማየት ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ማለት ጥሩ ነው፣ ከዚያ ያወጡትን ዓሣ ግን ለቤተሰብ ማቅረብን አልመክርም።

ከአቃቂም ሆነ ከቱሉ ዲምቱ ለሚነሳ ሰው የሚሻለው በሞጆ በኩል ወደ ቆቃ መውረድ ነው። የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በውስጡ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕና ቢልጫ ይገኛሉ። ከመሄድዎ በፊት በአካባቢው የግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣ ማስገርን በፈቃድ የሚመራ ሥራ አድርጎታል። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ወደ ቆቃ ስለሚገባ፣ ከዚያ አፍ ርቆ ማጥመድ ይገባል።

ውሃውን መለካት

አንድ ቀጥ ያለ እንጨት በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ይጫሩና በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ቦታ ይትከሉ። ሲደርሱ አንድ ጊዜ፣ ሲመለሱ አንድ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደገና ይዩት። እንጨቱን ከብት ካልነቀለው (ብዙ ጊዜ ይነቅለዋል) በአንድ ወር ውስጥ ማንም ሳይነግርዎ የውሃውን አካሄድ ያውቃሉ። ከጀልባ ላይ ጥልቀት ለመለካት ደግሞ በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሮ መጣል ይበቃል። ቋጠሮውን እየቆጠሩ ሲሄዱ ለጥ ካለው ደለል መካከል ድንገት የሚወርድ ቦታ ካገኙ፣ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ይሄድበት የነበረው አሮጌ መውረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ በዳርቻው ያለ ዛፍ ወይም ቤት ምልክት አድርገው በማስታወሻዎ ይጻፉት። በቀዝቃዛው ወር የሚፈልጉት ይህንኑ ቦታ ነው።

ጀልባውና ዕቃው

ለጀማሪ ሰፋ ያለ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ይሻላል። ሞተር የሚገጥሙ ከሆነ ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ ሞተር በከፍታ ቦታ አየር ስለሚሳሳበት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ በባሕር ጠለል ላይ የተለካው የፈረስ ጉልበት እዚህ ያንኑ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ እምቦጭ በአገራችን ቀድሞ ከታየባቸው ውሃዎች አንዱ ቆቃ ነው፤ ሥሩ በሞተሩ መዘውር ላይ ሲጠመጠም ጀልባው ይቆማልና መቅዘፊያና የተሳለ ቢላ ሳይዙ ሞተር ብቻ ታምኖ አይወጣም።

መልህቅ በቤት ይሠራል። የቀለም ጣሳ ውስጥ የታጠፈ ፌሮ አቁመው ሲሚንቶ ቢሞሉበት ለትንሽ ጀልባ በቂ ነው። ገመዱ ከውሃው ጥልቀት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይርዘም፤ አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ስለሚጎትተው ደለሉን አይዝም። መልህቁ የሚታሰረው ሁልጊዜ በጀልባው ፊት ጫፍ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነስቼ ነው፤ ለመቀመጫ እንዲመቸኝ ብዬ ገመዱን ከኋላ አስሬ በነበረበት አንድ የጥር ቀን ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ በዝቅተኛው ጠርዝ እየገባ ጉልበቴ ድረስ ደረሰ፣ ያዳነኝም ውሃ መቅጃ የነበረው ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን ነበር።

ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይኑር፣ ይለበስም፤ መቀመጫ ሥር የተወተፈ ጃኬት የለም ማለት ነው። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን፣ ፊሽካና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ ይጨምሩ። ቆቃ ውስጥ ጉማሬና አዞ አሉ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል መቆም አደገኛ ስለሆነ፣ ጎሕ ሳይለቅ በደንገል ዳር ጀልባ አይግፉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይውጡ።

መንጠቆና ማባበያ

የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር የናይለን ክርና ቀላል ተንሳፋፊ ይበቃዋል። ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይበሉ። ማባበያው ከስንዴ ዱቄት ጠንከር ተደርጎ የተለወሰ ሊጥ ወይም የምድር ትል ነው። ለካርፕ የበቆሎ ንፍሮ የሚተካከለው የለም፤ ለስላሳ ሆኖ ሳይፈርስ መንጠቆው ላይ የሚቆየው ይመረጣል። አምባዛ በሪዙ እየዳሰሰና እያሸተተ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ የዶሮ አንጀትና ጉበት ይወዳል፣ ለእሱም ከ1/0 እስከ 3/0 የሆነ ትልቅ መንጠቆ (በዚህ በ/0 በሚጻፈው ቁጥር ግን ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆውም ያድጋል) እና ከ0.40 ሚሊ ሜትር የማያንስ ክር ያስፈልጋል።

ውሃውን እየተከተሉ ማጥመድ

ከሐምሌ እስከ መስከረም ውሃው እየሞላ ነው። ጎርፉ ደለል ስለሚያመጣ ዓሣው በዓይኑ ብዙ አያይም፤ በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሽታ ያለው ማባበያ ነው። አምባዛ አዲስ ውሃ የገባበትን ሣር ተከትሎ ትልና ነፍሳት ለመልቀምም ለመራባትም ወደ ዳር ይወጣልና፣ ብዙ ጀማሪ እንደሚያደርገው ወደ መሐል ከመቅዘፍ ይልቅ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ በሰጠመው ሣር ጠርዝ መጣል ይሻላል። አምባዛ አየርም ስለሚተነፍስ በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ብሎ ይጎነጫል፤ ያን ቀለበት ያዩበትን ቦታ ይያዙ። ቢልጫ በዝናቡ ወራት ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣል፤ ዕንቁላል የያዘች ካገኙ ይልቀቋት። ደመና ሲጠቁር፣ መብረቁ ገና ሩቅ ሳለ፣ ወደ ዳር ይቅዘፉ።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ውሃው ሞልቶ ይረጋል፣ ደለሉም በከፊል ይወርዳል። ጀማሪ በአንድ ወቅት ብቻ ሊያጠምድ ቢፈቀድለት ይህን እመርጥለታለሁ። ጀልባውን ከደንገሉ አሥር ሜትር ያህል አርቀው በቀስታ መልህቅ ይጣሉ፤ መልህቅ ተወርውሮ ሳይሆን በእጅ እየተለቀቀ ነው የሚወርደው። ጭብጥ ሙሉ የሊጥ ፍርፋሪ ይበትኑና ሃያ ደቂቃ ያህል ይታገሡ፣ ከዚያም ተንሳፋፊውን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ያስተካክሉ። ቆሮሶ ይቆነጥራል እንጂ አይጎርስም፤ ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ ሳይሆን ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር በአንጓዎ ብቻ ቀስ ብለው ይሳቡ። አምባዛ ሲሆን ግን ክሩ እስኪሮጥ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውሃውም ይጎድላል። ዓሣው ዳሩን ለቆ ምልክት ወዳደረጉበት መውረጃ ይወርዳል፤ ማለዳ ላይም ቶሎ አይበላም። ውሃው እስኪሞቅ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቢጠብቁ ይሻላል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ስለሚበረታ ከ6 ሰዓት በፊት መውጣት ይኖርብዎታል። የቀረው ሦስት ሰዓት ነው፤ ንፍሮ ይዘው አንድ ቦታ ላይ ይቀመጡበት እንጂ እየዞሩ አያባክኑት።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ ውሃው በጣም ይጎድላል፣ ዓሣውም በጠባብ ቦታ ይከማቻል። ማጥመዱ ይቀላል፣ ውሃው ግን ይከፋል። አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ንጣፍ ካዩ በዚያ ቦታ አያጥምዱ፣ እጅዎንም አይንከሩበት፤ ቆቃ ላይ የሚታወቀው ይህ አልጌ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ መርዙም በመፍላት አይጠፋም። በልግ ሲጥል ግን ንጹሕ ጅረት በሚገባበት አፍ ላይ ምግብ ፍለጋ የሚመጣ ዓሣ ይገኛል።

ካወጡ በኋላ

አምባዛን ሲይዙ የጎን ክንፎቹ እሾህ እንዳይወጋዎ ከኋላቸው በሁለት ጣት ቆልፈው ይያዙት። ዓሣውን ወዲያው ይግደሉ፣ አንጀቱን፣ ጉበቱንና ስንጥቡን ያውጡ፤ አዞ ስላለ ይህን በውሃው ዳር ጎንበስ ብለው ሳይሆን ከዳሩ ርቀው በባልዲ ውሃ ይሥሩት። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል፤ በፍጥነት መንገዱ ቶሎ እደርሳለሁ ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ መኪና ኋላ መጣል ዓሣውን ቃሊቲ ሳይደርስ ያበላሸዋል።

ጀልባውን ከመጫንዎ በፊት ሆዱን፣ የመልህቁን ገመድና የሞተሩን መዘውር ይፈትሹ። አንዲት ቁራጭ እምቦጭ ሌላ ውሃ ላይ ብትወድቅ እየበቀለች ትባዛለችና፣ ያገኙትን ሁሉ ለቅመው ከዳሩ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይጣሉት፣ ጀልባውንም በፀሐይ ያድርቁት።