የሮክ ኮንሰርት ልትሄዱ ነው? መስቀል አደባባይ አካባቢ እንዲህ ነው የሚኬደው

ትኬቱ ላይ «ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ» ይላል እንበል። 10 ሰዓት የሚከፈተው በሩ ነው። ከዚያ ዲጄ አለ፣ ከዲጄው ቀጥሎ ጀማሪ ባንዶች አሉ፣ መሃል ላይ ስፖንሰር አመስግኖ የማይጠግብ መድረክ መሪ አለ (እሱ አይቀርም)፣ እናንተ ልታዩት የሄዳችሁት ባንድ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት ሄዶ እግር ማድረቅ አያስፈልግም። 12 ሰዓት ግድም ብትደርሱ ፍተሻውን ሳትጋፉ ታልፋላችሁ፣ ጀማሪዎቹንም ትሰማላችሁ። እነሱን አትናቋቸው፤ አንዳንዴ ከዋናው የሚበልጥ ጊታር የሚጫወት ልጅ ከእነሱ መሃል ይወጣል።

ትኬቱን ቀድማችሁ ግዙ። ከተማው ውስጥ ትልልቅ ኮንሰርቶች የሚታጨቁት በበዓል ዙሪያ ነው፤ እንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ገናና ጥምቀት ሰሞን፣ ከፋሲካ በኋላ። በሁዳዴ እምብዛም የለም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሜዳ ላይ ማዘጋጀት ከዝናብ ጋር ቁማር ነው። በር ላይ አየር በአየር ከሚሸጡ ልጆች አትግዙ፣ በተለይ ኪውአር ኮዱን በስልክ ፎቶ አድርገው የሚሸጡትን። አንዱ ፎቶ ለአሥር ሰው ሊሸጥ ይችላል፣ የሚገባው ግን ቀድሞ የደረሰው ነው። ቪአይፒን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ለሮክ አይሆንም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ ደርድሮ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኤፌክት) ያለው ጊታር የሚሰማ ሰው ምን እንደሚሰማው አላውቅም።

ሮክ ለእኛ አይሆንም የሚል ጓደኛ ካላችሁ ጃኖ ባንድን አሰሙትና ይዛችሁት ኑ። የአገራችንን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲሰማ አፉን ይዘጋል። ለሌላ ባንድም ቢሆን ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት አልበሙን ደጋግማችሁ ስሙት። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር ዝም ብሎ መቆም ያሳፍራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት ትቆማላችሁ? ሁሉም ሰው ወደ መድረኩ ጥግ ይሮጣል። እዚያ ዘፋኙን በቅርብ ታያላችሁ፣ ድምፁን ግን በትክክል አትሰሙም። ትልልቆቹ ስፒከሮች ከጭንቅላታችሁ በላይ አልፈው ወደ ኋላ ነው የሚተኩሱት፣ ለእናንተ የሚተርፈው የቤዙ ጉርምርምታና የድራሙ ድብደባ ነው። በጣም ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ሌላ ችግር አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 100 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ ድራመሩ ሲመታ ታዩና ምቱ የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ይመጣል፣ ያበሳጫል። ጥሩው ቦታ ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ካለበት ድንኳን ፊት ለፊት ወይም ጎኑ ነው። ሳውንድ ማኑ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። መስቀል አደባባይ ከሆነ ደረጃዎቹም አይናቁም፤ አጭር ሰው የሰው ጀርባ ከማየት ይድናል። አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳና ከጥግ ራቁ፣ ቤዙ እዚያ ተጠራቅሞ ሁሉን ነገር ይውጠዋል።

የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ፋራ ያስመስላል የሚል ካለ ይሳቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለኮንሰርት ቦታዎች ያወጣው ጣሪያ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው፣ ስፒከር ሥር ከተገተራችሁ ግን ማንም አይለካላችሁም። ማታ ጆሮ ጭው ካለ በዛ ማለት ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነማ ስፒከሩ ጋ ጭራሽ አትቅረቡ።

ልብስ፦ ቀን ፀሐይ ነበር ብላችሁ በቲሸርት አትውጡ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ቁሩ አጥንት ይገባል። ወገብ ላይ የሚታሰር ጃኬት ይበቃል፣ ስትዘሉ ይሞቃችኋል። ከቆላ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ግን ቀስ ብሎ ይዝለል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጫማ የተዘጋ ይሁን፤ ነጭ ስኒከር ለሌላ ቀን። ትልቅ ቦርሳ ፍተሻው ላይ ያጉላላል፣ ውኃና ሽቶም ሊያስጥሏችሁ ይችላሉ። መታወቂያ ያዙ፤ ከ2011ዱ አዋጅ ወዲህ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

ስልክ ላይ ብዙ አትታመኑ። ሕዝቡ ሲሞላ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ቴሌብርም አልከፍት ይላል። ትኬቱን ቤት እያላችሁ ስክሪንሾት አድርጉት፣ ጥቂት ጥሬ ብር ኪሳችሁ ክተቱ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። «በሩ ጋ» አትበሉ፣ የትኛው በር? ቪዲዮ አንድ ሁለት ዘፈን ቅረፁና ስልኩን ክተቱት፣ ከኋላ ያለው ሰው የእናንተን ስክሪን ሊያይ አልከፈለም።

ወደ ቤት መመለሻውን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። ትልቅ ዝግጅት ሲኖር አካባቢው መንገድ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከአደባባዩ ሥር ሰፊ ፓርኪንግ ቢኖርም መኪና ባትይዙ ይሻላል። ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሞ ራይድ መጥራት ከንቱ ነው፤ ሹፌሩ አይደርስም፣ እናንተም አታገኙትም። ትንሽ በእግር ውጡ፤ ቦሌ የምትሄዱ ወደ ፍላሚንጎ፣ መገናኛ የምትሄዱ ወደ ኡራኤል፣ ፒያሳ ወይም መርካቶ የምትሄዱ ወደ ለገሃር። በቡድን ሆናችሁ ሂዱ፣ ስልካችሁን እጃችሁ ላይ አታንጠልጥሉ። ዳታው ካልሠራ በአጭር ቁጥር ደውላችሁ ታክሲ ጥሩ፣ ዋጋውንም ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ።