ስኮትላንዳዊ ላይ ስትቀልድ መስመር እንዳታልፍ

መጀመሪያ ስሙን ቀይረህ ሞክረው። ባለፈው ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛዬ የስኮትላንዳዊ ስስት ቀልድ አመጣ፣ ሳቅን፣ ከዛ እኔ "እስኪ ጎጃሜ ብለህ ድገመው" ስለው ቡና ቀጂዋ ሲኒውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። እኛ እኮ "ጎጃሜ ቡዳ ነው" የምትለዋን በቀልድ ስም ስንቴ ውጠናታል!

ስለ ኪልቱ (ወንዶቹ ስለሚለብሱት ጉርድ ቀሚስ) ወይ ስለ ዝናቡ ከሆነ ችግር የለውም፣ እነሱም ይስቃሉ፣ ኮሜዲያናቸው ቢሊ ኮኖሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 ግላስጎው ተወልዶ በሀገሩ ሰው ሲቀልድ ነው የኖረው (ያው የራስ ሰው ሲሆን ይለያል)። ግን ሰውዬው ምንም ሳያደርግ ስኮትላንዳዊ ስለሆነ ብቻ ስስታም ከተባለ ተወው። ቅኔ ቤት የገባ ያውቀዋል፣ ሰሙ ሳቅ ወርቁ ንቀት ሊሆን ይችላል።

ጓደኛዬ በኋላ ኪልት ለብሶ የማርቆስን ብርድ ስለቀመሰ ስኮትላንዳዊ ሌላ ፈጠረ፣ ልጅቷም ሳቀች።