የተሰነጠቀ የጎማ ሽፋን፦ በቤት የተሠራ አውሮፕላን የፋይበርግላስ አካል እንዴት ይጠናከራል?

አሜሪካ ውስጥ ጋራዡን ወርክሾፕ አድርጎ አውሮፕላን የሚገጣጥም ሰው ብዙ ነው። ከሣር ሜዳ እየተነሣ የሚያርፍ ከሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቅበት የጎማው ሽፋን፣ ማለትም ጎማውን ከላይ የሚያለብሰው የፋይበርግላስ ቅርፊት ነው፤ ያውም ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ።

የመጀመሪያዬን ስጠግን እኩል የተቆረጡ ሦስት የፋይበርግላስ ጨርቆች ደራርቤ ለጠፍኩ። ስነካው ድንጋይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስንጥቁ ተመልሶ መጣ፤ ግን በድሮው ቦታ ሳይሆን በለጠፍኩት ጠርዝ ዙሪያውን። ግትሩና ተጣጣፊው በአንድ መስመር ላይ ድንገት ሲገናኙ ንዝረቱ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ከዚያ ወዲህ ከውፍረቱ ይልቅ የምጨነቀው ለጠርዙ ነው።

ሳልጀምር አንድ ነገር፦ ይህ ለጎማ ሽፋን፣ ለሞተር ኮፈንና ለመሳሰሉት ነው። የክንፍን ተሸካሚ አካል ንድፉን ያወጣውን ሰው ሳትጠይቁ አትንኩ። አውሮፕላኑን የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ አይለሮን፣ ኤሌቬተርና ራደርም እንዲሁ፤ ከማጠፊያቸው በስተኋላ የምትጨምሩት ጥቂት ግራም ሚዛናቸውን አዛብቶ በበረራ ላይ ሊያርገፈግፋቸው ይችላል።

መጀመሪያ በሳንቲም ጠርዝ አካባቢውን ኳ ኳ አድርጉ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንጣፉ የተላቀቀበት ድፍን ይላል። ያንን በእርሳስ ክበቡት፤ ብዙ ጊዜ ዓይን ከሚያየው ስንጥቅ ይሰፋል።

ጥገናው ከውስጥ በኩል ነው። ቀለሙን አራግፉ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅና በአሴቶን ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ሽፋኑ ሲሠራ ከሻጋታው የቀረውን ሰም ወደ ውስጥ ታሻችሁታላችሁ። የሚያብረቀርቅ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ አትተዉት፤ ጨርቁን የሚያጣብቀው ፈሳሽ ሙጫ፣ ሬዚን፣ ልሙጥ ላይ አይይዝም። ማስክ አድርጉ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ብናኙ ሌሊቱን ሲያሳክክ ያድራል።

ሬዚን ስትመርጡ ኢፖክሲ ያዙ። ኢፖክሲ ሌላው የሬዚን ዓይነት በሆነው በደረቀ ፖሊስተር ላይ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን በደረቀ ኢፖክሲ ላይ አያስተማምንም። ዌስት ሲስተም 105 የተባለውን ኢፖክሲ ከ205 ማጠንከሪያው ጋር የሚያዋህድ 5 ለ 1 በይዘት ይለካል። “ቶሎ እንዲደርቅ” ብሎ ማጠንከሪያ ማብዛት ጨርሶ የማይጠነክር ሙጫ ያስታቅፋል። 22 ዲግሪ ሙቀት ላይ ኩባያ ውስጥ ያለው ከ9 እስከ 12 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ በጥልቅ ኩባያ ብዙ ካዋሃዳችሁ ይግላል፣ ያጨሳልም። ትንሽ ትንሽ እያዋሃዳችሁ ዝርግ ሳሕን ላይ አፍስሱት።

በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ የሚመዝን ሽምን የፋይበርግላስ ጨርቅ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቁረጡ። ክሩ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን በጥምዝ ላይ ሳይጨማደድ ይተኛል። ትንሹን አስቀድሙ፤ ቀጣዩ በዙሪያው 2.5 ሴንቲ ሜትር ይለፈው። የእኔን የመጀመሪያ ስሕተት የሚያርመው ይህ ደረጃ ነው። ጨርቁ ነጭነቱ ጠፍቶ ሥሩ ሲታይ ጠግቧል፤ የቀረ ነጭ ነጥብ አየር ነው፣ በብሩሽ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ አስወጡት። የተረፈውን ሬዚን በአሮጌ የባንክ ካርድ ግፉት። የሬዚኑ ክብደት ከጨርቁ ጋር ሲተካከል ጥሩ ነው፤ በዚህ ስሌት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ንጣፍ 24 ግራም ያህል ይጨምራል። ከዚያ በላይ ሬዚን ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም።

ላዩን ፒል ፕላይ በሚባለው የናይለን ጨርቅ ሸፍኑና አሳድሩት። ጠዋት ሲላጥ ሸካራ ገጽ ይተዋል። ካልሸፈናችሁት ሰም የመሰለ ቅባት ላዩ ላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሌላ ነገር ከመቀባታችሁ በፊት በውኃና በሸካራ ስፖንጅ እጠቡት።

የላላውን የብሎን ቀዳዳ ኢፖክሲና የጥጥ ብናኝ አዋሕዳችሁ ድፈኑ። ማይክሮባሉን የሚሉት ቀላል ስቱኮ ለማስተካከያ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ይፈረፈራል። ሲደርቅ በስለታም ትራፓኖ ከብሎኑ ጥቂት ሰፋ አድርጋችሁ ብሱት፣ ሮንዴላ አስገቡ፣ ብሎኑን ሽፋኑ መነቃነቁን እስኪያቆም ብቻ እሰሩት።