አልዛስ ከዶሮ ወጥ ጋር፦ ለበርበሬያችን የሚሆን ነጭ ወይን አመራረጥ

ነጭ ወይን ከሐበሻ ምግብ ጋር አይሄድም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የትኛውን እንደቀመሰ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ድራይ (ጣፋጭነት የሌለው)፣ በእንጨት በርሜል የከረመ፣ አልኮሉ 14 በመቶ የደረሰ ሻርዶኔ የሚባል ነጭ ወይን። እሱማ አይሄድም! እኔም ባለፈው ፋሲካ ሜክሲኮ እህቴ ቤት ክትፎ በሚጥሚጣ እየበላሁ እሱኑ ጠጥቼ ከንፈሬ እስኪደነዝዝ ተቃጥያለሁ። አልኮል የሚጥሚጣን ማቃጠል ያብሳል፣ ትንሽ ጣፋጭነት ደግሞ ያበርደዋል። አያቶቻችን ቁርጡን በጠጅ ያወራርዱ የነበረው ያለ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከፈረንሳይ ነጭ ወይን ልትገዙ ካሰባችሁ አልዛስ የሚለውን ፈልጉ። አልዛስ በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በራይን ወንዝ በኩል ከጀርመን ጋር የምትዋሰን የፈረንሳይ ክልል ናት። የቮዥ ተራሮች ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚይዙላት ፀሐይዋ ብዙ፣ ዝናቧ ትንሽ ነው። ወይኑ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ኮምጣጣነቱንም ሳይለቅ ይጣፍጣል።

ኮምጣጣነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። እንጀራችን በእርሾ የቦካ፣ ኮምጠጥ ያለ ምግብ ነው። ወይኑ ከምግቡ ያነሰ ከኮመጠጠ ውሃ ውሃ ይላል፣ ብራችሁም በከንቱ ይሄዳል። የአልዛስ ሰዎች ደግሞ ስመ ጥር ምግባቸው ሹክሩት ነው። በጨው ቦክቶ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ ከቋሊማና ከአሳማ ሥጋ ጋር። ከሱ ጋር የሚጠጡት ሪስሊንግ የሚባለውን ነጭ ወይን ነው። ከቦካ ምግብ ጋር መኖር የለመደ ወይን ስለሆነ ከእንጀራ ጋር ለመግባባት ጊዜ አይፈጅበትም።

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ መጠጥ የሚሸጥበት ስትገቡ ጠርሙሱን ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ፈረንሳዮቹም «ዋሽንት» ነው የሚሉት። ልጣፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የወይኑ ዘር ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ሪስሊንግ ካለ ሙሉ በሙሉ ሪስሊንግ ነው። ከ2021 ምርት ወዲህ ደግሞ የጣፋጭነቱ ልክ በቃል መጻፍ ግዴታ ሆኗል። ሴክ ድራይ ማለት ነው፤ ድሚ ሴክ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነው። ሞኧሉ የሚለው ጣፋጭ ሆኖ በሊትር እስከ 45 ግራም ስኳር ይኖረዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዱ ይባላል፣ እሱን ለምግብ አትግዙት። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ቢረክስም ተዉት። ከውስጥ፣ ከጨለማው መደርደሪያ አውጡልኝ በሉ፤ አትፈሩ።

አሁን ወደ ገበታው። ለዶሮ ወጥ ጌቩርዝትራሚነር የሚባለውን የአልዛስ ወይን ግዙ፣ ድሚ ሴክ ወይም ሞኧሉ የሚለውን። ስሙ ከብዷችሁ አትለፉት፤ «ጌቩርዝ» በጀርመንኛ ቅመም ማለት ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫችሁ ስታስጠጉት ጽጌረዳ ይሸታችኋል፣ ቀጥሎ ዝንጅብል ነገር ይመጣል። የዶሮ ወጥ ቁሌት ሰዓታት ፈጅቶ የበሰለ ሽንኩርት ስለሆነ ራሱ ጣፈጥ ይላል። በዚያ ላይ በርበሬው፣ የተነጠረው ቅቤ ውስጥ ያለው ኮረሪማ። አንድ ጉርሻ ዕንቁላሉን ከስልሱ ጋር ጉረሱ፣ ዋጡ፣ ከዚያ ተጎንጩ። በርበሬው ይረግብና ኮረሪማው ብቻውን አፋችሁ ውስጥ ሲቀር ይታወቃችኋል። እኔ እዚያች ቅጽበት ላይ ስደርስ ማውራት አቆማለሁ።

ለክትፎ ፒኖ ግሪ የሚባለው ሌላው የአልዛስ ነጭ ወይን፣ ድሚ ሴክ። ወፈር ያለ ወይን ስለሆነ ቅቤውን ይችለዋል፤ አይቡን ከጎኑ አትርሱ። አዋዜ ጥብስ በጌቩርዝትራሚነርም በፒኖ ግሪም ይሄዳል። ለተጠበሰ ዓሣ በሎሚ ሪስሊንግ ሴክ ነው፣ ሌላ አትሞክሩ። አልጫና ጎመን ያለበት በያይነቱም ከሱ ጋር ይስማማል።

አቀራረቡ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሞቅ ያለ ጌቩርዝትራሚነር ሽቶ ሽቶ ይላል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ይቀዝቅዝ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። መብራት ከጠፋ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅሉ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩበት፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ አስገቡት፤ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። በረዶ ብቻውን ዙሪያውን ስለማይነካው ውሃው የግድ ነው። ብርጭቆውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲሶው ይበቃል፤ ሽታው ቦታ ይፈልጋል፣ ወይኑም ሳይሞቅ ያልቃል። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ክተቱት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት።

አልዛስ ካጣችሁ ደግሞ ለዓሣው የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ አለ፣ በደንብ አቀዝቅዙት። ለዶሮው ግን ሻርዶኔውን ተዉትና ጥሩ ጠጅ አስመጡ።