ቶዮታ 86ን ለመም ማዘጋጀት፦ ካምበሩ ይቅደም፣ ሞላው ይቆይ

አጭር ሞላ ገዝቶ መኪናን ዝቅ ማድረግ ለዓይን ደስ ይላል፤ መም (የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳ) ላይ ሰዓት የሚቀንሰው ግን እሱ አይደለም። ቶዮታ 86 ከፋብሪካ ሲወጣ የፊት ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ዜሮ ገደማ ነው፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት ነው። ኩርባ ውስጥ መኪናው ሲያጋድል የውጪው የፊት ጎማ በትከሻው ብቻ መሬት ይይዛል። መሪው እየተጠመዘዘ አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፣ የጎማው ትከሻም በጥቂት ዙር ይላጣል። ጠንካራ ሞላ ማጋደሉን ይቀንሰዋል እንጂ ጎማውን አያቃናውም።

እዚህ የምንናገረው ስለ 2013–2020 ሞዴሎች ነው። ሱባሩ ቢአርዜድም፣ አሜሪካ ውስጥ ሳያን ኤፍአር-ኤስ ተብሎ የተሸጠውም ከሥር ያው መኪና ነው። ፊቱ ማክፈርሰን ስትራት (ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ሆነው ጎማውን ከላይ የሚይዙበት) ስለሆነ ስለ ፊቱ የምንለው አብዛኛው ለኮሮላና ለቪትዝም ይሠራል፤ ኋላው ግን ደብል ዊሽቦን (ጎማው ከላይም ከታችም በአርም የሚያዝበት) ስለሆነ የራሱ ጸባይ አለው።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት መኪናውን በክሪክ አንስተው ስታንድ ላይ ያሳርፉት (በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ)። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው ቦል ጆይንት አልቋል። ከግራና ከቀኝ ሲነቀንቁት ከሆነ የሚንቀጫቀጨው፣ ጥፋቱ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። የአርሞቹ ቡሽ (የመጋጠሚያቸው ላስቲክ) የተሰነጠቀ፣ ሾኩ ዘይት ያለቀሰ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ባረጀ ቡሽ ላይ የተሠራ አላይመንት (የጎማዎች ማዕዘን ማስተካከል) የመጀመሪያው ጠንካራ ፍሬን ላይ ይፈርሳል። የፍሬን ዘይትም በአዲስ ዶት 4 ይተካ፤ ያረጀ ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ መም ላይ ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ካምበሩ። ርካሹ መንገድ የካምበር ብሎን ነው። ስትራቱን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን አውጥተው መሃሉ የቀጠነና ጎባጣ ያለው ብሎን ይተካሉ፤ ሲዞር ጎማውን ያጋድለዋል። በአንድ ጎን ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብሎኑ ቀጭን ስለሆነ የሚጠብቀው በራሱ አምራች በተጻፈው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) እንጂ በፋብሪካው ቁጥር አይደለም፤ አላግባብ ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ከላላ ይንሸራተታል። ጭንቅላቱ ላይ በቀለም መስመር ያስምሩና ከመሙ በወጡ ቁጥር ይመልከቱት። ሁለተኛ፣ የጎማው አናት ወደ ስትራቱ ይጠጋል፤ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረቱን ያረጋግጡ።

የተሻለው የካምበር ፕሌት ነው። ስትራቱን ከነጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ያንን ክፍተት አይነካም። ዋጋው ድምፅ ነው፤ የላስቲክ ቡሹ በብረት ኩሽኔታ ስለተተካ የአስፋልቱ ጉድጓድ ሁሉ ካቢኔ ውስጥ ይሰማል። መኪናውን በየቀኑ ለሥራ የሚነዱት ከሆነ ያስቡበት።

ግቡ ፊት ከ−2.5 እስከ −3 ዲግሪ፣ ኋላ −2 ገደማ ነው (የመቀነስ ምልክቱ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበሉን ያሳያል)። ካምበር ሲቀየር ቶውም (ከላይ ሲታይ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) አብሮ ስለሚቀየር አላይመንት ሳያሠሩ አይንዱ፦ ፊት ዜሮ፣ ኋላ በድምሩ ከ0.1 እስከ 0.2 ዲግሪ ወደ ውስጥ። የውስጡን የጎማ ጠርዝ የሚጨርሰው ከካምበሩ ይልቅ የተበላሸ ቶው ነው።

ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና የሾክ ስብስብ) የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 200 ትሬድዌር ጎማ (ለስለስ ያለ፣ መሬት በደንብ የሚይዝ) ለታሰረበት፣ መንገድም መምም ለሚነዳ 86 ከ6 እስከ 7 ኪሎ በሚሊ ሜትር የሆነ (አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ ያን ያህል ኪሎ የሚፈልግ) ሞላ ይበቃል። ኋላው ከፊቱ እኩል ወይም በትንሹ የጠነከረ ይሁን፤ የኋላው ሞላ ጎማው ከሚሄደው ያነሰ ስለሚጨመቅ ጎማው ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል።

ሲገጥሙ አስቀድመው የኤቢኤሱን ሽቦና የፍሬኑን ቱቦ ከስትራቱ ላይ ያላቅቁ፣ የጎማውን መያዣ በሽቦ ያንጠልጥሉ፤ ክብደቱ በቱቦው ላይ አይውደቅ። ከላይ ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ይፍቱ፤ የመሃሉን ግን ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር እንዳይነኩት፣ የታመቀው ሞላ ሰው ይገድላል። የአርሞቹን ብሎኖች መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ያጥብቋቸው። አየር ላይ ከጠበቁ የቡሹ ላስቲክ ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። የጎማ ዳዶ 120 ኒውተን ሜትር ነው።

ከፍታው? ከ20–25 ሚሊ ሜትር በላይ አይውረዱ። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ የፊቱን የታችኛውን አርም ይመልከቱ፤ በጎማው በኩል ያለው የአርሙ ጫፍ ከውስጠኛው ጫፍ ከፍ ካለ ከልክ በላይ ወርደዋል። ያኔ መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ይበልጥ ስለሚወርድ ዝቅ ያለው መኪና የባሰ ያጋድላል፤ ሞላው ሲጨመቅም ካምበር መጨመሩ ቀርቶ ያጎድላል። ሾኩም የሚሄድበት ስለሚያጣ ኩርባ መሃል ማቆሚያ ላስቲኩን ይመታና ጎማው በድንገት ይለቃል። ከፍታውን የሞላውን መቀመጫ በማዞር ሳይሆን የታችኛውን እግር በማዞር ያስተካክሉ። መቀመጫውን ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ ይህ የተለመደ ስህተት ነው።

መም ላይ የሚያስፈልገው መሣሪያ ርካሽ ነው። የሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠምጥሙ፤ ዙሩ ሲያልቅ የደረሰበት ቦታ ሾኩ ምን ያህል እንደሄደ ይነግርዎታል። ላስቲኩን ከነካ ከፍ ያድርጉ ወይም ሞላውን ያጠንክሩ። ሌላው ጎማው ውስጥ የሚወጋ ቴርሞሜትር ነው። ከመሙ እንደወጡ ወዲያው ውስጡን፣ መሃሉንና ውጪውን ይለኩ፦ ውስጡ ከውጪው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበልጥ ጥሩ ነው፤ ውጪው ከበለጠ ካምበር ይጨምሩ፤ መሃሉ ከሁለቱም ከበለጠ ነፋሱ በዝቷል። ነፋሱ ጎማው ሲግል ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ እንዲሆን፣ ሲቀዘቅዝ 28 አካባቢ ይጀምሩ። ለዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ የሚቀርበው መም፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት፣ ባለ 2 ማይልና ባለ 10 ኩርባው ዋና መም በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ቀድሞ የሚያልቀው የግራው የፊት ጎማ ነው፤ መለኪያውን እሱ ላይ ያድርጉ።

የሾኩን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አጥብቀው ከዚያ ወደ ኋላ ክሊክ እየቆጠሩ ከመሃል ይጀምሩ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ክሊክ ብቻ። መኪናው የኩርባ ጠርዝ ላይ ከነጠረ ያላሉ። ስዌይ ባር (የግራና የቀኝ ጎማዎችን አያይዞ ማጋደልን የሚቀንስ ዘንግ) የመጨረሻው ነው፦ አሁንም አፍንጫው የሚገፋ ከሆነ የኋላውን አንድ ደረጃ ያጠንክሩ፤ ጋዝ ሲሰጡ ኋላው ከሸሸ ይመልሱት። ከመም ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት የካምበር ብሎኖቹን መስመርና የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና ይፈትሹ፣ ነፋሱንም ጎማው ሲቀዘቅዝ ወደ 35 ይመልሱ።