ሐዋሳ ላይ በግል ዕጩነት ለከተማ ምክር ቤት እንዴት መወዳደር ይቻላል

ለከንቲባነት በቀጥታ የሚወዳደር የለም። ነዋሪው የምክር ቤት አባል ይመርጣል፤ ከንቲባውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። አንድ አባል ብቻውን ኮብልስቶን አያስነጥፍም። ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፣ አስተዳደሩን ይጠይቃል፣ ይቆጣጠራል። ቃል ሲገቡም ከዚህ አይለፉ፤ «የሠፈራችን ቦይ በዘንድሮው በጀት ለምን እንዳልተያዘ እጠይቃለሁ» ማለት የሚፈጸም ቃል ነው። በሚያዝያ 2005 የተካሄደውን የአካባቢ ምርጫ የማያስታውስ ወጣት ብዙ ስለሆነ ይህንን ልዩነት በየደጁ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ሰነድ

በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ዕጩ ኢትዮጵያዊ፣ ዕድሜው ቢያንስ 21 ዓመት የሆነ እና የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ የሥራ ቋንቋ የሚያውቅ መሆን አለበት። በምርጫ ክልሉ የመኖር ግዴታም አለ። ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ ሥራቸውን ሳይለቁ አይወዳደሩም።

ስምዎ በቀበሌ መታወቂያው፣ በትምህርት ማስረጃውና በዕጩ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። አንዱ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ከተጻፈ በመጨረሻው ቀን ለማስተካከል ቀበሌ መመላለስ ይመጣል። የምዝገባ ጊዜው አጭር ስለሆነ ይህን ቀድመው ይጨርሱ።

የድጋፍ ፊርማ

አብዛኛው የግል ዕጩ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የሚፈለገውን የፊርማ ብዛትና ቅጹን ከምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ፤ ከዚያ አንድ አራተኛ ጨምረው ይሰብስቡ፤ 1000 ከተባለ 1250 ማለት ነው። ትርፉ የሚያስፈልገው ውድቅ የሚደረግ ፊርማ ስለማይጠፋ ነው።

ፊርማ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አባወራው ለሚስቱና ለልጆቹ በአንድ እጅ ጽሑፍ ሲፈርም፤ ፈራሚው ከሌላ ምርጫ ክልል ሲሆን፤ ወይም 18 ዓመት ሳይሞላው ሲፈርም። ስለዚህ ገበያና መናኸሪያ ላይ አይሰብስቡ። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ግን ግማሹ ከአለታ ወንዶና ከሻሸመኔ የመጣ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ቤት ለቤት መሄድ ያዘገማል፤ ሆኖም የተገኘው ፊርማ ይጸናል። ለእያንዳንዱ ሰብሳቢ አንድ መንደር ይስጡ፤ መታወቂያ አይቶ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይመዝግብ። መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ ቀለም ይያዝ። ማታ ማታ ቅጾቹን ተቀምጠው ያጣሩ፤ አጠራጣሪውን መስመር ሌላ ሳያየው ራስዎ ይሰርዙት።

ቅስቀሳ

ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከፒያሳ አቶቴ መመላለስ ስምዎን ያስታውቃል እንጂ ድምፅ አያመጣም። ድምፅ የሚገኘው ቡና ከተፈላበት ደጅ ነው። ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዳችሁ አማርኛ፣ አንዳችሁ ሲዳሙ አፎ አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ ብትሆኑ ደግሞ መልካም ነው። አምስት ደቂቃ ያዳምጡ፣ ሁለት ደቂቃ ይናገሩ፣ የተነገረዎትን ችግር ከቤት ቁጥሩ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ «ስለ ውሃው መቆራረጥ ነግረውኝ ነበር» ማለት ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ፖስተር በግል አጥር ላይ የሚለጠፈው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቤተ እምነት ውስጥ አይቀስቅሱ። ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት 4 የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ ክልክል ነው፤ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽዎም ዝም ይበል።

የምርጫው ቀን

ጣቢያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል። ወኪልዎ የዕጩ ወኪል መታወቂያውን ይዞ 11 ሰዓት ተኩል ይድረስ፤ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ሲታይና ሲታሸግ በዓይኑ ማየት አለበት። ስንቅና ተቀያሪ ሰው ያዘጋጁለት፤ ርቦት ከሰዓት በኋላ የወጣ ወኪል ቆጠራውን አያየውም።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ላይ ይካሄዳል። ወኪሉ የመጣውን፣ ጥቅም ላይ የዋለውን፣ የተበላሸውንና የተረፈውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት ይመዝግብ፤ ድምሩ ካልገጠመ ወዲያው ይጠይቅ። ቅር ካለው ተቆጥቶ አይውጣ። ቅሬታውን በጽሑፍ እዚያው ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያቅርብ፤ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ያየውን ለይቶ ይጻፍ። ውጤቱ ጣቢያው ደጅ ላይ ሲለጠፍ ፎቶ ያንሳ፤ በማግስቱ ምርጫ ክልሉ የሚደምረው ቁጥር ከዚያ ፎቶ ጋር ይመሳከራል።