በወረርሽኝ ጊዜ ነርሶች ሲመደቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎንደር ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲበረታ፣ ወይም ከመተማና ከቋራ በኩል የኮሌራ ወሬ ሲሰማ፣ የሆስፒታል ነርሶችን ድልድል የሚያወጣ ኃላፊ ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ ስለዚህ የሚከተሉትን ስህተቶች አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ነርሶችን በአልጋ ቁጥር ብቻ መደልደል ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን፣ በኮሌራ ምክንያት የሰውነቱ ፈሳሽ ክፉኛ ያለቀበት ጎልማሳ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት 5 ሊትር ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ያስፈልገዋል፤ ከዚህም 1.5 ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ነርሷ የከሳ ደም ሥር ፈልጋ መርፌ ታስገባለች፣ ያለቀውን ከረጢት ትለውጣለች፣ የደም ሥር ምቱን ትቆጥራለች፣ በባልዲው የተጠራቀመውን ተቅማጥ ለክታ ትመዘግባለች። እንዲህ ያሉ አራት ሕሙማን በአንድ ጊዜ ቢገቡ፣ የቱንም ያህል ብትተጋ ብቻዋን ለሁሉም ልትደርስ አትችልም። በማግሥቱ ግን ያው ታማሚ ተቀምጦ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር) እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ድልድሉ በየፈረቃው ርክክብ ላይ እንደ ሕሙማኑ ሁኔታ መከለስ አለበት፤ ለሳምንት ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ለዚህ አይበቃም።

ሁለተኛው ማዋለጃውንና የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን ማራቆት ነው። ምጥ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ በወረርሽኙ ሳይያዙ በባለሙያ እጦት የሚሞቱ እናቶችና ሕፃናት ደግሞ በወረርሽኙ ሪፖርት ላይ ስለማይታዩ፣ ይህ ጥፋት ሳይታወቅ ይቀራል።

አዲስ ተመራቂዎችን ብቻቸውን ወደ ለይቶ ማከሚያ መላክም አደገኛ ነው። መከላከያ ልብስ ሲወልቅ የመበከል ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ አወላለቁን አጠገባቸው ቆሞ የሚከታተል ልምድ ያለው ባልደረባ ያስፈልጋቸዋል። አንዲትን ነርስ በአንድ ፈረቃ ከለይቶ ማከሚያ ወደ ሌላ ዋርድ ማመላለስም በሽታውን ተሸክሞ ማዞር ነው።

ያለውን ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ማሰለፍ ሌላው ስህተት ነው። ነርሶችም ይታመማሉ፣ ይደክማሉ፤ ተጠባባቂ ያልተያዘለት ድልድል ሁለት ሰው ሲጎድልበት ይፈርሳል።

በመጨረሻም ክሎሪን መበጥበጡን፣ ወለል ማጽዳቱንና ካርድ ማውጣቱን በነርሶች ላይ መጫን አይገባም። በጎንደር አቅራቢያ ባለው በደንቢያ የደረሰው የወባ እልቂት ካስከተለው ድንጋጤ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው አብረው በቡድን እንዲሠሩ ነበር። የነርሶቹ ድልድል ሲወጣ የጽዳት ሠራተኞቹና የመዝገብ ቤቱም ተረኞች በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉ።